ስለ ሁለት በረኞች

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ከቤት አላስወጣው ሲል አጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ ላይ አንድ አሮጌ የኳስ ጨዋታ አሳየኝ። ጨዋታው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር በሴቪያ ከተማ የተደረገው የአውሮጳ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ፍጻሜ ነው። (ስለ ውጭ አገር ነገር ስናገር የምጽፈው ዓመት የፈረንጆቹ ነው፤ የእኛን ስጽፍ ለይቼ እናገራለሁ።) በስልኩ ላይ አንድ ረዥም የሩማንያ በረኛ አራት የቅጣት ምቶችን በተከታታይ ያድናል። ልጁ ደጋግሞ አይቶ ሲያበቃ፥ «አባባ፥ ከዚህ የሚበልጥ በረኛ አይተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ፈጥኜ አልመለስሁለትም። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ሌላ በረኛ ነበረ። እርሱም የሩማንያ ሰው ነው፤ ነገር ግን እኔ የማስታውሰው ስላዳነው ኳስ ሳይሆን ስላላዳነው ነው። በእርሱም ሰበብ አንድ ልጅ አሳዝኜ ነበርና ስሙ በተነሣ ቍጥር ልቤ ይሸማቀቃል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ የሁለቱን ሰዎች ታሪክ እንደማውቀው እነግርሃለሁ፤ የራሴንም ጥፋት በቦታው አገባዋለሁ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ኳሳችን የጨርቅ ነበረች፤ ቡትቶ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ተጠቅጥቆ በሲባጎ ይታሰራል። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጡት አጥቂዎቹ ሲሆኑ፥ በረኛ የሚሆነው ሩጫ የማይሆንለት፥ ወይም በዕድሜ ታናሽ የሆነ፥ ወይም ሲለምኑት እሺ የሚል ልጅ ነበረ። እኔ ሦስቱንም ስለ ነበርሁ ሁለት ዓመት ሙሉ በድንጋዮቹ መካከል ቁሜያለሁ። ስፖርት የሚያስተምረን ፈረንጅ አንድ ደንብ ነበረው፤ ይኸውም በረኛው ጐል ሲገባበት የሳቀ ልጅ በማግሥቱ እርሱ ራሱ በረኛ ሆኖ እንዲቆም ነው። አይቈጣም፥ አይመታም፤ «ነገ አንተ ነህ» ብቻ ይላል። ከአንድ ሳምንት በኋላ በሜዳው ላይ የሚስቅ ጠፋ። ይህን በልጅነቴ ተምሬ ሳለሁ ራሴ መምህር በሆንሁ ጊዜ እንዴት እንደ ረሳሁት አሁንም ይደንቀኛል።

ስለ ቅጣት ምት፥ እኛ በልጅነታችን ሪጎሬ እንለው ስለ ነበረው ነገር፥ ጥቂት ልናገር። ኳሱ ከግቡ መስመር 11 ሜትር ርቆ ይቀመጣል። የግቡ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ነው። በኀይል የተመታ ኳስ ይህን መንገድ ለመጨረስ ግማሽ ሰኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ በረኛው ኳሱን አይቶ ልወርወር ቢል ይዘገያል፤ አስቀድሞ መገመት አለበት፤ ሲገምት ደግሞ ይሳሳታል። በዚያን ዘመን በነበረውም ሕግ ኳሱ እስኪመታ ድረስ በመስመሩ ላይ እግሩን ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም ነበር። ከሚመቱት የቅጣት ምቶች ከ4ቱ 3ቱ ያህል ጐል ይሆናሉ። ተመልካች ግን ይህን ሁሉ አያሰላም፤ ኳሱ ሲገባ በረኛውን ይሳደባል፥ ሲመለስ ያመሰግነዋል።

የልጅ ልጄ ያሳየኝ በረኛ ስሙ ሄልሙት ዱካዳም ይባላል። የተወለደው በ1959 በሩማንያ ምዕራብ፥ በአራድ አውራጃ፥ ሴምላክ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ወገኑ ከብዙ ዘመን በፊት መጥተው በዚያ አገር ከሰፈሩት ጀርመኖች ነው። በአራድ ከተማ ቡድን ጥቂት ዓመት ተጫውቶ በ1982 ወደ ዋናው ከተማ ወደ ቡካሬስት፥ የጦር ሠራዊቱ ክለብ ወደ ሆነው ወደ ስቴያዋ ተዛወረ።

በሴቪያው ፍጻሜ የገጠማቸው ባርሴሎና ነበረ። ጨዋታው በእስፓኝ ምድር ስለ ሆነ 70 ሺህ ያህል ከሚሆነው ሕዝብ የሚበዛው የባርሴሎና ደጋፊ ነበረ። 90 ደቂቃ ያለ ጐል አለቀ፤ 30 ደቂቃ ተጨምሮ እርሱም ያለ ጐል አለቀ። ወደ ቅጣት ምት በሄዱ ጊዜ የሩማንያዎቹን የመጀመሪያ ሁለት ምቶች የባርሴሎናው በረኛ አዳናቸው። አንተ በዚህ ቦታ ብትሆን ልብህ እንዴት እንደሚሆን አስብ። ነገር ግን ዱካዳም የአሌክሳንኮን ምት ወደ ቀኙ ተወርውሮ አዳነ። የፔድራሳንም ወደ ቀኙ ተወርውሮ አዳነ። በሦስተኛው ዙር ላካቱሽ የሚባለው ጓደኛው ጐል አገባ፤ ፒቺ አሎንሶ ሲመታ ዱካዳም አሁንም ወደ ቀኙ ሄዶ መለሰ። ባሊንት ሁለተኛውን ጐል አገባ። ቀጥሎ ማርኮስ መጣ። ሦስት ጊዜ ወደ አንድ ወገን የተወረወረ በረኛ በአራተኛው ወዴት ይሄዳል? ማርኮስ ምን እንዳሰበ ልናገር አልችልም፤ ዱካዳም ግን በዚህ ጊዜ ወደ ግራው ሄዶ ያንንም አዳነ። ስቴያዋ በቅጣት ምት 2 ለ0 አሸንፎ ከምሥራቅ አውሮጳ ይህን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። ሰውየውንም እስከ ዕለተ ሞቱ የሴቪያው ጀግና ይሉት ነበር።

የልጅ ልጄ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ፊልሙ እዚህ ላይ ያልቃልና። በዚያው በ1986 ክረምት ዱካዳም በቀኝ ክንዱ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶበት ሆስፒታል ገባ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ። በታኅሣሥ ወር ጓደኞቹ ወደ ቶኪዮ ሄደው ከአርጀንቲናው ሪቨር ፕሌት ጋር ለዓለም የክለቦች ዋንጫ ሲጫወቱና 1 ለ0 ሲሸነፉ፥ በሚቀጥለውም የካቲት ዲናሞ ኪየቭን በሞናኮ 1 ለ0 ሲያሸንፉ፥ በግቡ ውስጥ የቆመው ሌላ ሰው ነው። ሦስት ዓመት ያህል ከኳስ ተለይቶ ቆየ፤ ከዚያም በአራድ በአንድ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ጥቂት ተጫውቶ ተወው። በኋላ በትውልድ መንደሩ የድንበር ፖሊስ መኰንን ሆኖ ሠራ። በታኅሣሥ 2024 በ65 ዓመቱ ዐረፈ።

በዚህ ነገር ላይ አንድ ወሬ አለ። የአገሩ ገዥ የነበረው የቻውሼስኩ ልጅ ለበረኛው በተሰጠው የሽልማት መኪና ቀንቶ ክንዱን አስሰበረው ተብሎ ብዙ ዓመት ተወርቷል። ዱካዳም ራሱ ሐሰት ነው ብሏል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም። ሰው ጀግናው በደም መርጋት ብቻ መውደቁን መቀበል አይወድም፤ ከበስተኋላው የሚጠላው አንድ ክፉ ሰው ይፈልጋል። እኔም ወሬውን በሰማሁ ጊዜ አምኜው ለክፍሌ ልጆች ነግሬያለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልመለስ። ሲልቪዩ ሉንግ በ1956 በሩማንያ ሰሜናዊ ምዕራብ በሳቱ ማሬ አውራጃ ተወለደ። በ1974 ወደ ደቡብ ወርዶ ክራዮቫ በምትባል ከተማ ለዩኒቨርሲቲው ክለብ ገባ፤ በዚያም 14 ዓመት ያህል ቆየ። ክራዮቫ የጦር ሠራዊት ክለብ አይደለም፥ የዋና ከተማም አይደለም፤ ነገር ግን በ1980ና በ1981 የሩማንያን ሻምፒዮንነት ወሰደ። በ1983 በአውሮጳ የዩኤፋ ዋንጫ ፊዮሬንቲናን፥ ቦርዶንና ካይዘርስላውተርንን ጥሎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያ ከፖርቱጋሉ ቤንፊካ ጋር በሊዝቦን 0 ለ0፥ በክራዮቫ 1 ለ1 ወጣ፤ ሳይሸነፍ፥ በውጭ ሜዳ የገባ ጐል ይበልጣል በሚለው ሕግ ወደቀ። በረኛው ሉንግ ነበረ። እንግዲህ በሰማንያዎቹ ዓመታት የሩማንያ ብሔራዊ ቡድን ዋና በረኛ እርሱ ነው። ዱካዳም ለአገሩ የተሰለፈው 2 ጊዜ ብቻ ሲሆን ሉንግ 77 ጊዜ ተሰልፏል። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው አላመነኝም፤ ቍጥሩን ራሱ ፈልጎ አገኘው።

በ1988 ሉንግ ዱካዳም ወደ ነበረበት ወደ ስቴያዋ ተዛወረ። በሚቀጥለው ዓመት ስቴያዋ ዳግመኛ የአውሮጳ ፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው በባርሴሎና ከተማ ከኢጣሊያው ሚላን ጋር ነበረ። ጉሊት 2፥ ቫን ባስተንም 2 አገቡበትና 4 ለ0 ተሸነፉ። አንዱ በረኛ አራት አድኖ ለከበረበት ዋንጫ፥ ሌላው በደረሰ ጊዜ አራት ገቡበት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የቻውሼስኩ መንግሥት ወደቀ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሩማንያ ወደ ኢጣሊያ ለዓለም ዋንጫ ሄደች።

እዚህ ላይ የእኔ ነገር ይገባል። በእኛ አቈጣጠር 1982 ዓ.ም. ነበረ። በአንድ የአውራጃ ከተማ የታሪክ መምህር ነበርሁ፤ ኳስ ይወዳል ስለ ተባለም የትምህርት ቤቱን ቡድን እንድመራ አድርገውኝ ነበር። በረኛችን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፥ ዝምተኛ፥ እጀ ረዥም ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም። በግንቦት ወር ከአጎራባች ትምህርት ቤት ጋር ለዋንጫ ተጫውተን እኩል ለእኩል ወጣንና ሪጎሬ ሆነ። አምስት ተመቱበት፤ አምስቱም ገቡ። እኛ አንድ ስተን ተሸነፍን። የሳተው የርእሰ መምህሩ ዘመድ ስለ ነበረ ይሁን፥ ወይም ያዘነ መስሎኝ ይሁን፥ እርሱን ምንም አላልሁትም። በረኛውን ግን በልጆቹ ሁሉ ፊት፥ «በአንተ ፈንታ ግንድ ባቆም ኖሮ አንዱ እንኳ መትቶት ይመለስ ነበር» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ፤ የሱፍ ጓንት ነበረ፥ እናቱ የሠራችለት።

በሰኔ 18 ቀን ማታ የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሕፃናቱ ከፊት መሬት ላይ፥ እኛ ከኋላ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። በጄኖቫ ከተማ ሩማንያና አይርላንድ 120 ደቂቃ ተጫውተው ጐል ስላልነበረ ወደ ቅጣት ምት ሄዱ። ሐጂ አገባ፥ ሉፑ አገባ፥ ሮታሪዩ አገባ፥ ሉፔስኩ አገባ። ከአይርላንድም በኩል ሺዲ፥ ሃውተን፥ ታውንሴንድ አገቡ። ካስካሪኖ የሚባለው መሬቱን ከኳሱ ጋር ቧጥጦ ቢመታ ኳሱ ከሉንግ ሥር ሾልኮ ገባ። ከዚህ በኋላ ቲሞፍቴ ለሩማንያ መታና ቦነር የሚባለው የአይርላንድ በረኛ አዳነበት። የመጨረሻውን ኦሊሪ መትቶ አገባ። ሉንግ ከአምስቱ አንዱንም አላዳነም። በዚህ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ፥ «ይህም ግንድ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ልጆቹም ዘወር ብለው ከፊት መሬት ላይ ወደ ተቀመጠ አንድ ሰው ተመለከቱ። እዚያ መኖሩን አላወቅሁም ነበር። ልጁ ተነሥቶ የሱሪውን አቧራ አራገፈ፤ በሰው መካከል እየረገጠ፥ «ይቅርታ፥ ይቅርታ» እያለ ወጣ። ልከተለው ይገባኝ ነበር፤ አልተከተልሁትም። መስከረም ሲጠባ ሊመዘገብ አልመጣም። ጊዜው ልጆች ለውትድርና የሚታፈሱበት ነበርና ወዴት እንደ ደረሰ ሳላውቅ ብዙ ዓመት ቆየሁ። በኋላ በሕይወት መኖሩንና የጭነት መኪና ሹፌር መሆኑን ሰማሁ፤ ደስ አለኝ፥ ነገር ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ባለፈው ክረምት እንግዲህ ለልጅ ልጄ የሉንግን ስም ነግሬ፥ «ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ፈልግልኝ» አልሁት። እኔ የማውቀው ከጄኖቫ ምሽት በኋላ አልነበረም፤ ለእኔ ታሪኩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ኖሬአለሁ።

ከዓለም ዋንጫው በኋላ ወደ እስፓኝ ሄዶ ሎግሮኞ ለሚባል ከተማ ቡድን ተጫወተ፤ ከዚያም ወደ ክራዮቫ ተመለሰ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም በዚያው ከተማ የበረኞች አሠልጣኝ ሆነ። የበረኞች አሠልጣኝ ሥራ ምን እንደ ሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዋናው አሠልጣኝ ስሙ በጋዜጣ ይጻፋል፤ ይህኛው ግን ከሜዳው ጥግ ከሁለትና ከሦስት ልጆች ጋር ሆኖ፥ አንዱን አንበርክኮ ኳስ በቀኝ በግራ ይወረውርለታል። ጧት መቶ ጊዜ፥ ከሰዓት መቶ ጊዜ። አወዳደቅን ያስተምራል፤ አወዳደቅን ያላወቀ በረኛ በክርኑ ይወድቅና ይሰበራልና። አቋቋምን ያስተምራል፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የወጣ በረኛ ግቡን ለመቺው ያጠበዋልና። ስለዚህ ብዙው ሥራ የሚሠራው መወርወር ሳያስፈልግ ነው፤ ያንን ግን ፊልም የሚያሳይ የለም።

ከዚህም በላይ ሕጉ ተለውጦ ነበር። በ1990ው የዓለም ዋንጫ ተከላካዮች ኳሱን ወደ በረኛቸው ይመልሱለትና እርሱ በእጁ ይዞ ጊዜ ያጠፋ ስለ ነበረ ጨዋታው እጅግ ያሰለች ነበር። በ1992 ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ። በዚያን ጊዜ ሉንግ 35 ዓመት አልፎት የጨዋታ ዘመኑ ሊፈጸም ተቃርቦ ነበር። እንግዲህ ዕድሜውን በሙሉ በእጁ የኖረ ሰው፥ ልጆችን በእግራቸው እንዲጫወቱ ሊያስተምር ግድ ሆነበት። እኔም ታሪክን በአንድ መጽሐፍ አስተምሬ ሳበቃ መንግሥት ሲለወጥ መጽሐፉ ተለውጦብኝ፥ ማታ ማታ ከተማሪዎቼ አንድ ምዕራፍ ቀድሜ እያነበብሁ ያስተማርሁበት ጊዜ ነበረና ይህ ነገር ገባኝ።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ቲቤሪዩና ሲልቪዩ። ሁለቱም በረኞች ሆኑ። ታናሹ፥ የአባቱን ስም የያዘው፥ የተወለደው ሚላን አራት ባገባበት በዚያው በ1989 ነው። በክራዮቫ ተጫውቶ አደገ፤ በ2016 በፈረንሳይ ለተደረገው የአውሮጳ ዋንጫ ከሩማንያ ሦስት በረኞች አንዱ ሆኖ ሄደ፤ ከዚያም በቱርክ አገር ለካይሴሪ ከተማ ቡድን ተጫውቷል። አባት በልጁ ዕድሜ ገና አንድ ዓመት ሲሞላ በጄኖቫ በዓለም ሁሉ ፊት አምስት ገብተውበት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ሕፃን አድጎ፥ አባቱ በተዋረደበት በዚያው ሥራ ልኑር ሲል፥ አባትየው አልከለከለውም። እኔ ብሆን እከለክለው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ አንብቦልኝ ሲያበቃ፥ «ግን አባባ፥ አራቱን ያዳነው ዱካዳም ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አራት ማዳን ቀላል ነገር አይደለም፥ እኔም ልቀንስበት አልወድም። ዱካዳም ክንዱ ጤነኛ ሆኖ ቢቆይለት ምን ያህል ይደርስ እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ለልጁ ግን ሌላ መልስ አልሰጠሁትም፤ ሻይ መጣና ወሬው ተቋረጠ።

ከመስቀል በኋላ አንድ አብሮኝ ያስተማረ ሰው ዐርፎ ወደዚያች የአውራጃ ከተማ ለለቅሶ ሄድሁ። በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ወፈር ያለ፥ ጠጕሩ የሸበተ ሰው ንፍሮ በሰሐን ይዞ ሲያዞር እኔ ዘንድ ደርሶ ቆመ። «ጋሼ፥ አላወቁኝም» አለ። እጁን ባየሁ ጊዜ ዐወቅሁት።

ሰሐኑን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ልጆቹ፥ ስለ መኪናው፥ ስለ መንገዱ ክፋት አወራን። ከዚያም ልቤን አጠንክሬ፥ ያን ቀን በሜዳው ላይ፥ ኋላም በአዳራሹ ያልሁት ነገር እስከ ዛሬ እንደሚጸጽተኝ ነገርሁትና ይቅር በለኝ አልሁት። ራሱን ዝቅ አድርጎ፥ «ኧረ ጋሼ፥ እሱን እኮ ረስቼዋለሁ። የልጅነት ነገር ነው» አለኝ። ኳስ ትጫወት ነበር ወይ ከዚያ በኋላ ብዬ ብጠይቀው፥ «አልተጫወትሁም» አለ።

ከዚያም ዝም ተባባልን። ከውጭ አልቃሾቹ ገቡና ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኛም ተነሥተን ቆምን። ሲቀመጡ ተቀመጥን። እርሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ፥ «የመጀመሪያዋን ግን ነክቻት ነበር፥ በእነዚህ ሁለት ጣቶቼ። አላዩም?» አለኝ።

አላየሁም አልሁት።